ባሕታዊቷ ተከራያችን

ሰባት ዓመት በሞላኝ መስከረም ቤታችንን ባሕታዊት ተከራየችው። ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሁት እንደዚያ ብዬ ነው፤ ያመነኝም አልጠፋም። እውነቱን ለመናገር ባሕታዊቷ ከአዲስ አበባ፣ ከጉለሌ የመጣች የሃያ ሦስት ዓመት የሒሳብ መምህርት ነበረች። ጸጉሯን ተተኩሳ፣ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ነው በወረታ በኩል ከመጣው አውቶቡስ የወረደችው። ይህ ሁሉ ከገዳም ሰው ጋር እንደማይሄድ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን አንድ የማያወላዳ ማስረጃ ነበረኝ፤ ሴትዮዋ እህል አትቀምስም ነበር።

ዘመኑ ሰማንያ ስምንት ነው። ቤታችን ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። አባቴ ባዩ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ በጋይንት በኩል ድንጋይ ሲፈልጥ ይከርምና በወር አንዴ ብቅ ይላል። ቤቱን የያዘችው እናቴ ጥሩወርቅ ናት። እናቴ ጓሮ በኩል ያለችውን አንዲት ክፍል ከሩቅ አገር ለተመደቡ መምህራን ታከራያለች። ከኪራዩ ይልቅ የምትወደው ግን እንግዳ ቤቷ ውስጥ መኖሩን፣ ማብላቱንና «ጥሩወርቅ ዘንድ ነው ያረፍኩት» መባሉን ነው። በዚህ ረገድ እናቴ ትንሽ ጉረኛ ነበረች፤ እኔም ወርሻታለሁ።

አዲሲቷን ተከራይ፣ እኛ አገር ሴት መምህርት እንደምትጠራው፣ እትዬ ትዝታ አልናት። ሻንጣዋን ስትፈታ በር ላይ ቆሜ አየሁ። አሥራ ሁለት ሳሙና ወጣ፣ አንድ ጥቅል ሻማ ወጣ፣ ሃያ ክብሪት ወጣ፣ በመጨረሻም ሁለት ኪሎ ጨው። ነጋዴ መሰለችኝ። ከደጃችን ማዶ ያለው የማሬ ሱቅ ጨውና ሳሙና እስከ ጣሪያው የተደረደረበት ስለሆነ፣ ይቺ ሴት እንዴት ልታተርፍ ነው ብዬ አዘንኩላት። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ እየሳቀች እንደነገረችኝ፣ የምደባው ዕጣ እስኪደርሳት ድረስ ደብረ ታቦር ሲባል የምታውቀው የቡሄን በዓል ነበር። ሰው የሚያድርበት ከተማ መሆኑን አታውቅም። ዘመዶቿን ብትጠይቅ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነገሯት፤ አንደኛው ብርዱን፣ ሁለተኛውን በኋላ እናገራለሁ።

እናቴ የመጀመሪያውን ቀን ትኩስ ዳቦ በእርጎ ይዛላት ገባች። እትዬ ትዝታ በልቻለሁ አለች። በማግስቱ የዶሮ ወጥ ሆነ፤ ሆዴን አሞኛል አለች። በሦስተኛው ቀን ሽሮ ሲቀርብላት ጾም ነኝ አለች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። እኛ አገር ረቡዕና ዓርብን ሕፃን ሳይቀር ያውቃቸዋል፤ ማክሰኞን የሚጾም ግን ወይ ስዕለት ያለበት ነው፣ ወይ የበቃ ሰው ነው። እናቴ ሳህኑን ይዛ ስትመለስ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። እኔ ግን ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። የበቃ ሰው ከጓሯችን ገብቶልናል።

ከዚያ በኋላ መርማሪ ሆንኩ። ጥራጊዋን አያለሁ፤ የሙዝ ልጣጭ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የብስኩት ወረቀት። ፍራፍሬ ብቻ የሚበሉ መነኮሳት እንዳሉ ከጎረቤታችን ከእትዬ እቴነሽ ሰምቻለሁ። የእንቁላል ቅርፊትም ነበረ፤ እሱን ግን አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት። ልጅ አንዴ ካመነ አመነ ነው። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም የሚገርመኝ ሙዙም፣ ብርቱካኑም፣ እንቁላሉም ልጣጭና ቅርፊት ያላቸው መሆናቸው ነው። የሰው እጅ ያልገባበትን እየመረጠች ነበር የምትበላው። አንገቷ ላይም በሻሽ ጫፍ የተቋጠረች ነጭ ሽንኩርት ነበረች። የጉና ብርድ ጉሮሮዋን ይዟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ወሬዬ ከእትዬ እቴነሽ ጆሮ ደረሰ። እትዬ እቴነሽ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞሩና የእትዬ ትዝታን ጉልበት ሳሙ፤ ከእግሯ ሥር አቧራውን በጣታቸው ነክተው ግንባራቸውን ዳሰሱ፤ በጸሎትሽ አስቢኝ አሏት። እትዬ ትዝታ ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ ክፍሏ አፈገፈገች። ከክብር ለመሸሽ ነው፣ ትሕትና ነው አልኩ። እሷ ግን ለድግምት የእግር አፈር ይወስዳሉ ተብሎ ተነግሯት ኖሮ፣ አሮጊቷ አፈሯን ሊወስዱ የመጡ መስሏት ነበር። በማግስቱ ደጃፏን በሳሙና አጠበችው። አሥራ ሁለቱ ሳሙና ለምን እንደመጣ ያን ዕለት ገባኝ፤ ቅዱሳን ንጹሕ ናቸው።

እንዲህ ስላት የፈራኋት እንዳይመስላችሁ። እወዳት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፏ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷም ክብሪቶቿን እየበተነች ማባዛት ታስተምረኛለች። እጇ የቅባት ሽታ ነበረው። ሦስት ጊዜ አራት አሥራ ሁለት መሆኑን በክብሪት እንጨት ያወቅሁ ቀን አቅፋ ሳመችኝ፤ ጉንጬን ለሁለት ቀን አልታጠብኩም። ከኔ ጋር ስትሆን ትስቃለች። እናቴ ብቅ ካለች ግን ሳቁ ይቆማል፤ እጇም ወደ አንገቷ፣ ወደ ሻሿ ቋጠሮ ይሄዳል።

አንድ ቀን እናቴና እትዬ እቴነሽ ደጅ ላይ ጌሾ እያሰጡ ሲያወሩ ሰማሁ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስማችን ከኛ ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ያምናውም ተከራይ እንዲሁ ብሎ ነው ሁለት ወር ሳይሞላው የወጣው አለች። እትዬ እቴነሽ ተያት እንጂ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ነው የሰደዷት አሏት። እናቴ ጌሾውን በተነችው፣ ሰበሰበችው፣ እንደገና በተነችው።

«ማመልከቻ አስገብታለች አሉ» አለች። «መሄዱን ትሂድ፤ አገሯ ነው። ኸቤቴ እህል ሳትቀምስ ኸሄደች ግን እኔ ሰው አይዶለሁም።»

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የገባኝ። አንደኛው አዲስ አበባ ውስጥ ዝነኞች መሆናችን ነው፤ ይህንን በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ተናገርኩ። ሁለተኛው እትዬ ትዝታ ልትሄድ መሆኗ ነው። ክብሪቱም፣ ቅባቱም፣ ሳቁም ሊሄድ ነው። እናቴ ደግሞ አንዴ እንኳ ብትበላልኝ የምትለው፣ የተጨነቀችው ለወጧ ሙያ መሰለኝና፣ በዚህ ትልቅ ጉዳይ ላይ ስለ ወጥ ማሰቧ አበሳጨኝ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ምግቡን ራሷ መውሰድ ተወች። ጠራችኝና ሳህኑን አስያዘችኝ።

«ደጃፏ ስትደርሺ እጅ ንሺ» አለችኝ። «ከዚያ ከዳቦውም ከወጡም ቆርሰሽ ፊቷ ቆመሽ ብዪ። አላምጠሽ ዋጪ። ሳትቀምሺ እንዳትሰጫት።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በእናቴ ቤት ልጅ ከእንግዳ በፊት እጁን ሰደደ ማለት ጭኑ ላይ የቁንጥጫ ጠባሳ አተረፈ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ብዪ ተባልኩ፤ ያውም ፊት ለፊት፣ ያውም ከሁሉም ዓይነት። የመላላኪያ ዋጋዬ ነው አልኩ። ጠላ ቀጂ ለሰው ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ አያለሁ፤ እሱም የቀጂ ዕድል ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ እኔም ወግ ደረሰኝ።

ሥራዬን በትጋት ያዝኩ። በቀን አንድ ጊዜ እትዬ ትዝታ ፊት ቆሜ እቆርሳለሁ፣ አላምጣለሁ፣ እውጣለሁ። እሷ ዓይኗን ከአፌ አትነቅልም። ሲጣፍጠኝ ሁለተኛ እደግማለሁ። ከዚያ ሳህኑን ትቀበለኝና እናትሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት ትላለች። ሳህኑ ባዶውን ታጥቦ ይመለሳል። እናቴ ግን ባዶውን ሳህን እያገላበጠች አይታ ምንም አትልም፤ ውሻችን ደፋር በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመወፈሩ የተነሳ መጮህ ሰልችቶታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። እኔም እትዬ ትዝታ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ምግቡን ለደፋር ስትሰጠው አየኋት። አልከፋኝም። ከአራዊት ጋር የሚኖሩ ቅዱሳን ሥዕል ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለ፤ የኛዋ ደግሞ በውሻ ጀመረች። የጽጌ ጾም ሲገባ እኔ ጨርሶ አልጠራጠርም ነበር።

ጥቅምት ላይ ባቄላው አሸተ። ከቤታችን በታች የጋሽ ባንተአምላክ ማሳ ነበር፤ ጋሽ ባንተአምላክ እሸት የሚሰርቅ ልጅ ካገኙ በጆሮው እየጎተቱ እናቱ ዘንድ የሚያደርሱ ሰው ናቸው። አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንም አልነበረም። ከአጥሩ ሥር ሾልኬ ገባሁና ጥሬውን ባቄላ ከነልጣጩ፣ ከነእምቡጡ፣ ሆዴ እስኪነፋ በላሁ። ገና አፌን ጠርጌ ቤት ስገባ እናቴ ሳህኑን ይዛ ትጠብቀኛለች። ድንች ወጥ ነው። ጠግቤያለሁ ብዬ እንዳልላት የባቄላው ነገር ሊወጣ ነው። ይዤ ሄድኩ።

እጅ ነሳሁ። ቆረስኩ። አላመጥኩ። ስውጥ ግን ደጃፉ ዞረብኝ፤ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ፤ እኔም ተንበርክኬ ያለኝን ሁሉ እትዬ ትዝታ ጫማ ላይ መለስኩት። ላብ አጠመቀኝ፣ ሆዴን ይዤ ተጠቀለልኩ። እትዬ ትዝታ ራሷን ያዘች።

«ወይኔ፣ ለኔ የመጣው ነው» አለች። «ለኔ የመጣውን እኮ ነው የበላችው።»

ምሳዋን በማበላሸቴ ያዘነች መሰለኝና በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ አፈርኩ። እሷ ግን አነሳችኝ። እንደ ሕፃን አቀፈችኝና ዳገቱን ቁልቁል ሮጠች። አንድ ጫማዋ ማሬ ሱቅ ፊት ለፊት ወልቆ ቀረ፤ አልተመለሰችም። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ፣ እያለቀሰች፣ አትሙቺብኝ አትሙቺብኝ እያለች ጤና ጣቢያው ድረስ ይዛኝ ሮጠች። ስለዚያች ዕለት ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚመጣልኝ ይህ ነው። ለሷ የተላከ መርዝ እኔን እንዳገኘኝ አምና ነበር፤ ሆኖም ራሷን ለማዳን ወደ መናኸሪያ ሳይሆን እኔን ይዛ ወደ ሐኪም ነው የሮጠችው።

ጤና ረዳቱ ጋሽ ገሰሰ አልጋ ላይ አጋደሙኝና ምን በላች ብለው ጠየቁ። እትዬ ትዝታ፣ ከቤታቸው ለኔ የተላከውን ምግብ ነው የቀመሰችው፣ ሌላ ምንም አልበላችም አለች። በሩ ላይ እናቴ ቆማ ነበር። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሎ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ሰምታለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ፤ ያን ዓይነት አስተያየት ሰው ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችና ቀና አለች።

«ኸዚያው ድስት እኔም በልቻለሁ፤ ታናሽ ወንድሟም በልቷል» አለች። «ድስቱን አምጡልኝ። የቀረውን እዚሁ ፊታችሁ ልጨርሰው።»

በዚህ ሰዓት ስለ መብላት ታወራለች ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ልጇ ታማ ተኝታ፣ እሷ የቀረውን ወጥ አምጡልኝ ትላለች። ያኔ እናቴ በስሟ፣ በቤቷ፣ በአገሯ ተከሳ ፍርድ ቤት የቆመች ያህል እንደነበረች፣ ምስክሯም እኔ ብቻ እንደነበርኩ አላወቅሁም። እውነቱ በኔ ሆድ ውስጥ ነበር። ዝም አልኩ። ጋሽ ባንተአምላክን ፈራሁ፣ ቁንጥጫውን ፈራሁ፤ ዝም አይነቅዝም እንዲሉ ዝም ብል የሚሻለኝ መሰለኝ።

ያናገረኝ ሌላ ፍርሃት ነው። እትዬ ትዝታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኔን ትኩር ብላ ስታየኝ፣ የበቃ ሰው የልብን እንደሚያውቅ ትዝ አለኝ። ታውቃለች፤ እስክናዘዝ ነው የምትጠብቀው። አንገቷን ስቤ ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ አንቱ መቸም ያውቁታል» አልኳት። «የጋሽ ባንተአምላክን ባቄላ ሰርቄ ብዙ በልቼ ነው። ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ይበሉኝ።»

አልተንቀሳቀሰችም። የነጩ ሽንኩርት ሽታ ከአንገቷ ይመጣል። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ በዝግታ «እኔንም» አለች። ቅዱሳን ራሳቸውን ኃጥእ ይላሉ ብዬ አደነቅኋት። ወዲያው ግን ቀና ብላ ሁሉንም ለእናቴና ለጋሽ ገሰሰ ነገረችብኝ። ጋሽ ገሰሰ ሳቁና ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ። ንስሐዬን ስላወጣችብኝ ተቀየምኳት።

ወደ ቤት እናቴ አዝላኝ ተመለስን። እትዬ ትዝታ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከኋላችን መጣች። እናቴ ለሆዴ ብላ የገብስ ገንፎ አገነፋች፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት። እትዬ ትዝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናው ቤት ገብታ መደቡ ላይ ከኔ ጎን ተቀመጠች። እናቴ ገበታውን አቀረበችና፣ ለልማዷ ይሁን ለሌላ፣ እጇን በእትዬ ትዝታ በኩል ሰደደች፤ አስቀድማ ልትቀምስ ነው። እትዬ ትዝታ አንጓዋን ያዘቻት።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከእንግዲህ አይቅመሱልኝ።»

ከዚያ ቆረሰች፣ ቅቤው ውስጥ ነከረች፣ በላች። ደገመች። እንባዋ ገንፎው ላይ ይወርዳል፣ እሷ ግን ትበላለች፤ ስድስት ሳምንት የተራበች ሰው አበላል ነበር። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

እኔ ደግሞ ጮኼ አለቀስኩ። ሆዷ ነው ብለው ሁለቱም ደንግጠው አቀፉኝ። ሆዴ አልነበረም። ባሕታዊቷ በኔ ኃጢአት ምክንያት፣ በጽጌ ጾም፣ በቅቤ ጾሟን ስትገድፍ በዓይኔ አይቼ ነው።

ዝውውሯ በጥር መጣላት፤ አልሄደችም። አራት ዓመት ተቀመጠች፤ የመጨረሻ ታናሼን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። ጨዋ ልጅ ነበረችና የጉለሌ ዘመዶቿ የነገሯትን ሁለተኛ ነገር ለእናቴ አልነገረቻትም። ለኔ ግን ሠርጌ ሰሞን ነገረችኝ፤ በዚያ አገር ከማንም እጅ እንዳትበዪ፣ ይመትቱብሻል፣ ያስቀሩሻል ነበር ያሏት። «እውነትም አስቀሩኝ» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅኩ። የኔ ሳህን ይዞ ደጃፏ ላይ መቆም ከዚህ ጋር ምን እንዳገናኘው ግን ያኔም አላሰብኩትም።

የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው። አዲስ አበባ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ አራት ሆነን ምሳችንን አንድ ላይ እንበላለን። እናቴ በሰው የላከችልኝን ድፎ ዳቦ ይዤ ገባሁ። አንድ አዲስ የተቀጠረ ልጅ እጁን ከሰደደ በኋላ ከየት ነው አለኝ፤ ከደብረ ታቦር አልኩት። እጁን ሰበሰበ። እየሳቀ፣ እንዳታስመትቺኝ ብቻ አለ። ሌሎቹ ሁለቱም ሳቁ፤ ክፋት አልነበራቸውም። የኔ እጅ ግን ሳላዘው ተነሳ፤ ከዳቦው ጫፍ ቆረስኩ፣ ፊታቸው አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። ሰባት ዓመቴ ላይ ጓሮ ቆሜ እንደማደርገው። ያ ሁሉ የልጅነት ድግሴ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። ተከፍቼ ነበር፤ በልጁም በሷም። ለምንድነው እኔን ያስቀመስሽኝ፣ ለምን ራስሽ አልቀመስሽላትም አልኳት።

«እኔ ብቀምስ ማርከሻውን ቀድማ ውጣለች ትለኝ አይዶል?» አለች። «ሰው በልጁ አይጨክንም፤ ይኸን ደሞ በየትም አገር ያውቁታል። ካንቺ የሚበልጥ ምን ነበረኝና ላሳያት?»

ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰች፤ ታዲያ በሉልሽ ወይ አለችኝ። ሁለቱ በሉ፣ ልጁ ግን ጠግቤያለሁ ብሎ ተነሳ አልኳት።

«ነገም ይዘሽለት ሂጂ፤ ካለቀ እልካለሁ» አለች። «አንቺ ግን እንዳትቀምሺለት። እኔና አንቺ ያኔ ቀምሰን ጨርሰናል።»